የስድስት ሰዓት አንበሳ

ባለፈው ሳምንት ዐይኔን ልመረመር እዚሁ ደሴ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። የግራ ዐይኔን ሞራ ከጋረደው ሰንብቷል፤ ቀኙም ሊከተለው ዳር ዳር እያለ ነው። እናም መጀመሪያ ያየሁት ከሰማያዊ ሰማይ በታች የተቀመጠ አንድ ቡናማ ጉብታ ብቻ ነበር። የሆነ ተራራ መስሎኝ ልተወው ነበር። ሥራ ከመፍታት ብዬ ተነሥቼ፣ አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቼ ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ፣ ከኮምቦልቻ በላይ ጋራው ላይ ያለው የድንጋይ አንበሳ ነው ይላል።

ፎቶውን ያነሳው ሰው በስድስት ሰዓት ነው ያነሳው። ይህን ለማወቅ ጤነኛ ዐይን አያስፈልግም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ቆማለች፤ ጥላ የሚባል የለም፤ ግንባርም ዐይንም አፍም የለም። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት፣ አሮጊቷ ምን አግኝታ ነው ብሎ መሰለኝ፣ እሱም አንገቱን አስግጎ አየና «ድንጋይ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ድንጋይ ነው። ይህችን ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት አንድ ጊዜ ምን ያህል እንደተንሰፈሰፍኩ ልጁ ከየት ያውቃል።

አባቴ ደርግ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። እንጀራው ጉርድ ፎቶ ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለእጮኛ የሚላክ፤ የደሴ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመጋረጃው ፊት ተቀምጦ «አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ ያዝ» ተብሏል። በኋላ ቀበሌ መጥቶ ነዋሪው ሁሉ መታወቂያ አውጣ ሲባልማ ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። ታዲያ ሰው ከገዛ ፊቱ ጋር አይስማማም። አንዷ ማድያቴን አጥፋልኝ ትላለች፣ አንዱ ጠባሳዬ አይታይ ይላል። አባቴ ጫፉ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ አጎንብሶ የሰዉን ፊት ሲያለሰልስ ይውላል። ማታ ቤት ሲገባ ዐይኑ ቀልቶ፣ «ዛሬም ስንቱን እንቁላል አስመስዬ መጣሁ» ይለናል።

ለራሱ ብሎ የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን አንበሳ። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ክረምቱ አልፎ የጦሳ ተራራ ጉም ሲገለጥ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እናቴ «የሰው ባል ሰርግ ያነሳል፣ የኔው ድንጋይ» እያለች ስንቁን ትቋጥርለታለች። ለምን እንደሚደክምለት ስጠይቀው «እሱ አሳምረኝ አይልም» አለኝ። የሰፈራችን አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ጣኦት ነው፣ የሙስሊም ልጅ ምን ወስዶት እዚያ ይንከራተታል እያሉ ያሙት ነበር። እሱ ሶላቱን ሰግዶ፣ ረመዳኑን ጾሞ፣ አንበሳውን ግን አይተውም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ እኔንም ይዞኝ መሄድ ጀመረ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ከደሴ ለብሰነው የወጣነውን ሹራብ መንገድ ላይ እናወልቃለን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሌላ አገር ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ሸንኮራው መንገድ ዳር ተደግፎ ቆሟል፣ ሰዉ እንኳ ከደሴ ሰው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር። ሸንኮራችንን እየመጠጥን ጋራውን በእግር እንወጣለን። ወሩ ኅዳር ከሆነ ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው፤ በመሐሉ ሳልፍ ቅጠሉ ጉንጬን ይቧጥጠኛል። አባቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የማቆሚያውን እግሮች እኔን አሸክሞ።

የምናድረው አያ ይመር ቤት ነው። አያ ይመር እርሻቸው ከአንበሳው ጋር የሚዋሰን ገበሬ ነበሩ። ቀትር ላይ ፍየሎቻቸው ከአንበሳው ደረት ሥር ነው የሚተኙት። እንደሳቸው ከሆነ አንበሳው የእውነት አውሬ ነበር፤ የአገሩን ከብት ሲፈጅ አንድ ወልይ፣ የአላህ ሰው፣ መጥተው «ቁም!» ቢሉት እንደቆመ ቀረ። የተጠበሰ የማሽላ እሸት እየፈለፈሉ በመዳፋችን እያደረጉልን፣ «ወላሂ፣ ዛሬም ሂድ ቢሉት ይሄዳል» ይሉን ነበር። አባቴ አይከራከራቸውም። እኔም ልጅ ነኝና ሌሊቱን ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ አባቴ ካሜራውን ይተክልና ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት አንበሳው ምንም አይደለም። በስንት ዘመን ዝናብና ፀሐይ የተላጠ፣ ግማሽ አካሉ ከቋጥኙ የወጣ፣ ግማሹ እዚያው የቀረ ግራጫ ድንጋይ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከማዶው ተራራ ብቅ ብላ በጎኑ ስትነካው ግን መልኩ ይወጣል። መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀጥሎ የዐይኖቹ ጉድጓድ፣ ከዚያ አፉ። አፉ ለማግሳት የተከፈተ አይደለም፤ አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ የተወው ይመስላል። ከግንባሩ በላይ ያለው ጎፈሬ ተሰነጣጥቋል፤ ጥላ ሲገባበት ጫፍ ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል። ይሄ ሁሉ የሚቆየው ጥቂት ነው። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር አፉ ይደበዝዛል፣ ዐይኑ ይሞላል፣ ረፋዱ ላይ ጨርሶ የለም።

«የምታነሺው ድንጋዩን አይደለም፣ ጥላውን ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። «ፊት ማለት ጥላ ነው። በስድስት ሰዓት ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው።»

ለዓመታት ማቆሚያ ተሸካሚ ሆኜ ኖርኩ። ቀስ በቀስ ግን ፊልም ማጠቡን፣ ማተሙን፣ የካሜራውን ዐይን ማጥበብና ማስፋቱን ሁሉ አስተማረኝ። አንድ ጠዋት፣ ለአካለ መጠን ደርሻለሁ ብዬ የምኮራበት ጊዜ ነው፣ ካሜራው አጠገብ ቆሞ ቆሞ ድንገት ዞር አለልኝ። «ዛሬ አንቺ» አለኝ። ያን ጠዋት ከሁልጊዜው ቦታችን ትንሽ ወደ ግራ ወርጄ፣ ጉልበቴን ጤዛው ላይ አንበርክኬ፣ ጥላው አፉ ላይ እስኪደርስ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁና አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ደሴ ተመልሰን በጨለማ ክፍሉ ቀይ አምፖል ሥር ምስሉ ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ አባቴ ጎንበስ ብሎ ተጠጋው። ከዚያ «እኔ እስከ ዛሬ ስዞረው ነው የኖርኩት፤ አንቺ አገኘሽው» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። በትልቁ አትሞ ከሱቁ መስኮት ላይ ሰቀላት። ማንም ሲጠይቀው ሥራው የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ለገበያ የወጣች ልጅ እንዳትመስልብኝ ብሎ መሰለኝ። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ደሴ ያኔ ምን እንደነበረች ያየ ያውቀዋል፤ ላላየ መንገር ይከብደኛል። ጠዋት ስንነሣ መጀመሪያ የምንሰማው የማን ልጅ እንደተወሰደ ነው። ሰው ለቅሶ መድረስ ፈራ። በፎቶ ቤታችን የጉርድ ፎቶ ሰልፍ ቀርቶ እናቶች ብቻቸውን መምጣት ጀመሩ። ባለፈው ዓመት ለመታወቂያ የተነሳውን የልጄን ፎቶ በትልቁ አትምልኝ ይላሉ፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። አባቴ ከእነዚያ ፊቶች ላይ በእርሳስ ያጠፋውን ሁሉ፣ ማድያቱንም ጠባሳውንም፣ አሁን እየፋቀ ይመልስ ነበር። እናቶቹ ልጃቸውን እንዲያውቁት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በመስኮታችን በኩል ሲያልፍ የቆመው በዚያ ሰሞን ነው። ወጣት ነበር፤ ተማሪ ሳለ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አባቴ ያጠፋለት ልጅ። ፎቶዋን ከውጭ ብዙ አያትና ገባ። «ይሄ ዘውድ አይደለም?» አለ፣ ጎፈሬው ላይ ያለውን ሾጣጣ ጥላ እያሳየ። አባቴ ሳቀ። መሳቁ ነው የጎዳው። ስንጥቅ ነው፣ ጥላ ነው ብሎ ቢያስረዳውም ሊቀመንበሩ ዘውድ የደፋ አንበሳ አይቷል፤ ዘውድ የደፋ አንበሳ ደግሞ የንጉሡ ነው። የንጉሡን አርማ በአደባባይ የሰቀለ ሰው ከኋላው ማን አለ? የራሱ መንግሥት ያወጣው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ሳንቲም ላይም አንበሳ እንዳለ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ማን ነው ያነሳው ብሎ ጠየቀ። እኔ የጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እጄ ገና በመድኃኒት እርጥብ ነው። አባቴ ወደኔ ዞር እንኳ ሳይል «እኔ ነኝ» አለ። ፎቶዋንም እሱንም ይዘው ሄዱ።

ያሰሩት እዚያው ቀበሌው ግቢ ካለ መጋዘን ነበር። እኔና እናቴ ያላንኳኳነው በር የለም። አባቴ በሰርጋቸው ቀን ያነሳቸው ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው «የሉም በሏቸው» አስባሉን። መንገድ ላይ የሚያውቁን ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያዩን ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ዛሬ አልፈርድባቸውም፤ ያኔ ግን አንድ በአንድ ረግሜአቸዋለሁ። ስንቅ በየቀኑ እንወስዳለን፤ የሚታጠብ ልብስ ይሰጡናል። አንድ ቀን የአባቴን ሸሚዝ ውሃ ውስጥ ስነክረው ውሃው ቀላ።

ያንን ሳይ እጄን እንኳ ሳላደርቅ፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ልላቸው ተነሣሁ። እናቴ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆመች። ቀልደኛ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ፊቷን አላወቅሁትም። «እሱ እኔ ነኝ ያለው አንቺ እንድትተርፊ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሁለት ሬሳ ልታሸክሚኝ ነው ወይ?» ተመልሼ ከገንዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ምንም ማድረግ አለመቻል እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያን ለት አወቅሁት፤ ሰውነት ሁሉ ይሳከካል።

እንደተቀመጥኩ ቀትር ሆነ። ልብስ የምናሻበት ድንጋይ ጠዋት ጎርበጥባጣ ነበር፤ አሁን ፀሐይ አናቱ ላይ ስትወጣ ለስላሳ መስሎ ታየኝ። ያኔ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። በስድስት ሰዓት ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው። አንበሳውን በስድስት ሰዓት ባነሳው ዘውድ አይኖረውም፤ ጎፈሬ አይኖረውም፤ አንበሳም አይሆንም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ያያችሁት ጥላ ነው፣ ነገሩ ተራ ድንጋይ ነው ብላቸው፣ አባቴም አዎ ድንጋይ ነው ብሎ ቢጨምርበት፣ ያለቀ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የልጅ ሐሳብ ነው። ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

ካሜራው እንደ ዕድል ሆኖ ቤት ነበር። በአገልግል ውስጥ ከእንጀራው ሥር ደብቄ፣ ኮምቦልቻ የታመመች አክስት አለችኝ ብዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ ክዳኑን ከፍቶ የሽሮውን ሽታ አሸተተ። መልሶ ከደነው። ሐረጎን ስንወርድ ሙቀቱ መጣ፤ ሹራቤን ማውለቅ ግን ረሳሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ በላብ ተጠምቄ ነው የወረድኩት። ሸንኮራው እንደ ድሮው መንገድ ዳር ቆሟል። ያን ቀን አየሁት እንጂ አልተመኘሁትም።

አያ ይመር ስለ አባቴ ሰምተዋል። በማሽላው መሐል ሲያዩኝ ሮጠው መጥተው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። እንድበላ እሸት ቢያቀርቡልኝ አልወርድ አለኝ። ካሜራውን ሳወጣ ግን ወደ ሰማይ ቀና ብለው ግራ ገባቸው።

«አባትሽ በዚህ ሰዓት አያነሱም እኮ» አሉኝ። «እደሪና ጠዋት ታነሺዋለሽ።»

«ፊቱ እንዳይታይ ነው የምፈልገው አያ» አልኳቸው። «ፊቱ ከታየ አባቴን ይገድሉታል።»

አያ ይመር ወደ አንበሳው ሄደው ከሥሩ የተኙትን ፍየሎች ቀስ ብለው አስነሱልኝ። «አብሽሪ ልጄ» አሉ። «እሱ አይቀየምሽም፤ ስንት አይቷል።»

ከፊት ለፊቱ ቆምኩ። አባቴ አታድርጊ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። ፀሐይዋን አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ የካሜራውን ዐይን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ብርሃኑ እንደ ጎርፍ ይግባበት አልኩ። ደሴ ተመልሼ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ሳትመውም እንዲሁ፣ የቀረች ጥላ ካለች እሷንም እያፈዘዝኩ አጠፋኋት። ከመድኃኒቱ ውስጥ የወጣው አንድ ነጣ ያለ ጉብታ ነበር። ከአባቴ የተማርኩትን ሁሉ ገልብጬ መሥራቴ ነው። የሚያሳፍር ፎቶ ነበር፤ እኔ ግን ደረቴ ላይ አቅፌው አለቀስኩ፤ አባቴን ይዞልኝ የሚመጣ መስሎኝ።

ሊቀመንበሩ ሊሰማኝ ፈቀደ። ማስረጃ አለኝ ማለቴ ሳያስገርመው አልቀረም። ስገባ አባቴን አምጥተው ግድግዳው ሥር አቁመውታል። ጢሙ አድጓል፣ እግሩ አብጦ ጫማ አላደረገም። ወደኔ አላየም። ሁለቱ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ልክ እንዳሰብኩት። ጠዋት የተነሳውም በስድስት ሰዓት የተነሳውም አንድ ድንጋይ መሆኑን፣ ዘውድ የመሰለው ጥላ መሆኑን፣ በተለማመድኩት መሠረት ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። ግራ ሲገባው አየሁ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ።

«ይሄኛውን ማን አነሳው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያልታየኝ ነገር ያኔ ታየኝ። «ፎቶ ታነሻለሻ» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። «ቦታውንም ታውቂዋለሽ።» ጣቱን ከስድስት ሰዓቱ ፎቶ አነሳና የጠዋቷ ላይ አሳረፈው። «እንግዲያው ይችንስ ማን ነው ያነሳት?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ልናገረው እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ ነኝ። አባቴ ግን ከግድግዳው ተላቀቀ። «እስቲ ልየው» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ሊቀመንበሩም ምን እንዳሰበ እንጃ የስድስት ሰዓቱን ሰጠው። አባቴ እግሩን እየጎተተ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርገው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ ያዘው። ብዙ አየው። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ።

«ልጄ ፎቶ ማንሳት አታውቅም» አለ።

አባቴ ፎቶውን ወደ ሊቀመንበሩ አዞረው፤ የደንበኛን ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገረው። «እየው፣ በቀትር የተነሳ ነው። ብርሃኑ ፊቱን በልቶታል። ሥራ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰዓት ካሜራ አያወጣም። ስንት ዓመት ላስተምራት ብል አልገባትም፤ ማቆሚያ ስትሸከም ነው የኖረችው። ይችኛዋን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ይሄን ያነሳ እጅ ያችን ሊያነሳ አይችልም።»

«ልጅህ እኮ ድንጋይ ነው ነው የምትለው» አለ ሊቀመንበሩ። እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ አንድ የላላ ነገር ነበር፤ በር የከፈተለት መሰለኝ፤ ምናልባት ያች በእርሳስ የጠፋች ጠባሳ ትዝ ብላው ይሆናል። አባቴን በዐይኔ ለመንኩት። ድንጋይ ነው በል አልኩት በልቤ፤ አንድ ጊዜ ብቻ በል። ነገር ግን የኔን ፎቶ ትክክል ነው ካለ ፎቶ አንሺ ነች ማለቱ ነው። ያችን የጠዋቷን ያነሳት ማን እንደሆነ ደግሞ ጥያቄው እንደ ተንጠለጠለ ነው።

«እሷ ምን ታውቃለች» አለ አባቴ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሂድና እየው። አንበሳ ነው።»

ሊቀመንበሩ የኔን ፎቶ ቀደደው። ወደ ቤቴ እንድሄድ፣ ሁለተኛ ካሜራ በእጄ እንዳይታይ አስጠነቀቀኝ። አባቴን ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ። ያን ጊዜ ነው ያየኝ። «ሂጂ፣ እናትሽን አግዣት» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለኝም።

ሱቁ በዚያው ቀን ታሸገ። በኋላ መጥተው ያለውን ሁሉ ጭነው ወሰዱት፤ የአንበሳውን ፎቶዎች ሁሉ፣ የደሴን ሰው ፊት ሁሉ። ስንቅ ማመላለሱን አላቋረጥንም። አንድ ጠዋት ግን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልንና «ከእንግዲህ አታምጡ» አለን። ያ ቃል ያኔ ምን ማለት እንደነበር ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። እናቴ አገልግሉን ከእጄ ተቀብላ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ጮኻ እንዳታለቅስ አፏን በሻሽዋ ይዛ፣ ከኋላዬ እየመጣች ወደ ቤት ተመለስን። ቀብር አልነበረንም። መቃብሩንም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ አልያዝኩም። መምህርት ሆኜ አርባ ዓመት ገደማ የሰው ልጅ ፊደል አስቆጠርኩ፤ ወልጄም ከበድኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። እንዴት ቆመ፣ ምን አለ፣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር። ሁሉንም ነግሬአታለሁ። አንድ ነገር ስነግራት ብቻ ትስቅ ነበር፤ ፎቶዬን ሲያይ ፊቱን ማጨማደዱን። «እሱስ የእውነቱን ነው» ትለኛለች፣ ሳቋ እንባ ይዞት እየመጣ። «መጥፎ ፎቶ ሲያይ ሆዱን ያመው ነበር።» እኔም ሳስበው እውነቷን ነው። በዚያች ሰዓት ሊሞትልኝ ወስኖ እንኳ፣ ፎቶዬን አልወደደልኝም።

ያች የጠዋት ፎቶ ጠፍታለች። የቀረኝ ያኔ ወደ ቤት ይዤው የገባሁት የስድስት ሰዓቱ ኔጋቲቭ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። የጠዋቷ ያለችው እኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ሞራው ሁለቱንም ዐይኔን ቢዘጋው እሷን የሚነካት አይመስለኝም፤ እሷን የማያት በዐይኔ አይደለም። ወደ ጋራው ግን አንድም ቀን ተመልሼ አልወጣሁም። በጠዋት ሄጄ ያ አፍ ከጥላው ሲወጣ ባይ፣ የጀመረውን ነገር የሚጨርስብኝ ይመስለኛል፤ እፈራለሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ተመልሼ ስቀመጥ ልጁ ስልኩን አሳየኝ። እሱም ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ሄዶ ያንኑ ጉብታ አንስቶታል። አንበሳ ነው ሲሉ ሰምቶ ሄዶ ምንም እንዳላየ፣ ሰዉ ዝም ብሎ እንደሚያወራ ነገረኝ። በስንት ሰዓት እንደሄደ ጠየቅሁት። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አለኝ።

«ጠዋት ሂድ» አልኩት። «አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በጎን ስትመጣ። ትንሽ ወደ ግራ ወረድ በልና ተንበርከክ። መጀመሪያ ግንባሩ ይመጣል፣ ቀጥሎ ዐይኖቹ፣ ከዚያ አፉ። አትቸኩል። ጥላው አፉ ላይ እስኪደርስ ጠብቅና ያኔ አንሳው።»

ልጁ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ፎቶ አንሺ ነበሩ እንዴ?»

ስሜን ጠሩ። ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ።

«የለም ልጄ» አልኩት። «ፎቶ ማንሳት አላውቅም።»